ዝናቡ ሲለዋወጥ የጋራ ውሃ እንዴት ይተዳደራል?

አንድ ምንጭ በደረቅ ወቅት ሲነጥፍ ወይም አንድ የእጅ ፓምፕ ሥራ ሲያቆም አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ምክንያቶች አንዱ ይሰጣል፤ ዝናቡ ጠፋ፣ አለዚያም ፓምፑ ተበላሸ ይባላል። ሁለቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። ይሁን እንጂ ተመሳሳይ ዝናብ የሚያገኙና ተመሳሳይ ፓምፕ የተተከለላቸው ሁለት ጎረቤት መንደሮች ቢኖሩ፣ አንዱ ድርቁን ተቋቁሞ ሲያልፍ የሌላው ነዋሪ ውሃ ፍለጋ ረጅም መንገድ የሚጓዝበትን ምክንያት እነዚህ ሁለት መልሶች አያስረዱም። ልዩነቱ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ነዋሪዎቹ ውሃውን ለመካፈል፣ ለመጠበቅና ለመጠገን በገቡት ስምምነት ውስጥ ነው። የአየር ንብረት ለውጥ አሁን የሚፈትነው ይህንኑ ስምምነት ነው፤ አብዛኞቹ የውሃ ደንቦች የተቀረጹት ዝናቡ በለመደው ጊዜና በለመደው መጠን ይመጣል ተብሎ ነውና።

አነስተኛ የውሃ ሀብት የሚባለው የትኛው ነው?

የጎለበተ ምንጭ፣ በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድ፣ በእጅ ፓምፕ የሚሠራ መለስተኛ ጉድጓድ፣ ኩሬ፣ ከጣሪያ የሚጠራቀም የዝናብ ውሃ፣ ከወንዝ ተጠልፎ ጥቂት ማሳዎችን የሚያጠጣ ቦይ እና የመሳሰሉት ሁሉ በዚህ ስም ይጠራሉ። የጋራ ባህርያቸው የሚያገለግሉት ሰው ቁጥር ውሱን መሆኑና ተጠቃሚዎቹ እርስ በርስ የሚተዋወቁ መሆናቸው ነው። የዕለት አስተዳደራቸውም ብዙውን ጊዜ በከተማ የውሃ አገልግሎት ድርጅት እጅ ሳይሆን በተጠቃሚዎቹ እጅ ነው፤ ይህ አሠራር የማኅበረሰብ አስተዳደር ይባላል። ተጠቃሚዎቹ የውሃ ኮሚቴ ወይም የውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበር ያቋቁማሉ፣ መተዳደሪያ ደንብ ያወጣሉ፣ ተራ ይመድባሉ፣ መዋጮ ይሰበስባሉ፣ ጥበቃ ይቀጥራሉ።

እንዲህ ያለ ውሃ የጋራ ሀብት የሚባለው ሁለት ጠባዮች ስላሉት ነው። አንደኛ፣ ሌላውን ሰው ከእርሱ ማራቅ አስቸጋሪ ነው። ሁለተኛ፣ አንዱ የቀዳው ለሌላው አይተርፍም። ችግሩም መፍትሔውም የሚነሣው ከእነዚህ ሁለት ጠባዮች መገናኘት ነው።

የአየር ንብረት ለውጥ እነዚህን ውሃዎች የሚነካው እንዴት ነው?

ብዙዎች የአየር ንብረት ለውጥን ከዝናብ መቀነስ ጋር ብቻ ያያይዙታል። ነገሩ ግን ከዚህ የተወሳሰበ ነው። አየር በ1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሞቀ ቁጥር ሊይዝ የሚችለው የውሃ ትነት በ7 በመቶ ያህል ይጨምራል። የሞቀ አየር ከአፈር፣ ከዕፅዋትና ከኩሬ ብዙ እርጥበት ይወስዳል፤ የወሰደውን መልሶ ሲያወርደው ደግሞ በአጭር ጊዜ ውስጥ በኃይል ሊያወርደው ይችላል። ስለዚህ በአንድ ቦታ የዓመቱ የዝናብ መጠን ሳይለወጥ እንኳ አዘናነቡ ሊለወጥ ይችላል፤ በሁለት ወር ተሠራጭቶ ይዘንብ የነበረው በጥቂት ቀናት ውስጥ ይወርድና በመካከሉ ረጅም ደረቅ ጊዜ ይገባል።

ይህ ለምንጭና ለጉድጓድ ትልቅ ጉዳት አለው። ከርሰ ምድርን እንደ ጎተራ ማሰብ ይቻላል፤ በአንድ ወቅት የገባው ዓመቱን ሙሉ እየተቀነሰ ይወጣል፣ ከገባው በላይ ከወጣ ደግሞ ጎተራው ባዶ ይሆናል። ወደዚህ ጎተራ በብዛት የሚገባው አፈሩ እየጠጣ ሊያሰርገው የሚችለው፣ ጊዜ ወስዶ የሚዘንብ ዝናብ ነው። በኃይል የወረደው አብዛኛው ጎርፍ ሆኖ ይሄዳል፤ ሲሄድም ለም አፈር አጥቦ ይወስዳል፣ ኩሬውንም በደለል ይሞላዋል። በዚህ ምክንያት አንድ አካባቢ በጎርፍ ተጠቅቶ ከወራት በኋላ ምንጮቹ ቢነጥፉ የሚጋጭ ነገር የለም፤ ጎርፉና ድርቁ የአንድ ለውጥ ሁለት ገጾች ናቸው።

አነስተኛ የውሃ ሀብቶች ለዚህ ለውጥ ይበልጥ የተጋለጡት ክምችታቸው ለመሬት ገጽ ቅርብና ትንሽ በመሆኑ ነው። ጥልቅ የከርሰ ምድር ውሃ የአንድ መጥፎ ዓመት ጉድለትን ብዙ ሳይሰማው ሊያሳልፍ ሲችል መለስተኛ ጉድጓድ ግን በዚያው ወቅት ይቀንሳል። በሌላ በኩል መልካም ዝናብ ሲመጣ ቶሎ ያገግማል፤ ይህም ለአስተዳደር ዕድል የሚሰጥ ጠባይ ነው።

የውሃው ጥራትም ይነካል። ጎርፍ የመጸዳጃ ጉድጓድንና የከብት እበትን አጥቦ ክዳን ወደሌለው ጉድጓድ ያስገባል። የመጸዳጃ ጉድጓድ ከውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር እንዲርቅ፣ በጉድጓዱ ዙሪያ የሲሚንቶ ወለልና የጎርፍ መከላከያ ቦይ እንዲኖር የሚመከረው ለዚህ ነው። ዝናቡ ኃይለኛ እየሆነ ሲሄድ ይህን መጠበቅ የማኅበረሰቡን ጤና ከወረርሽኝ መጠበቅ ነው።

የጋራ የሆነ ነገር መጥፋቱ የማይቀር ነውን?

እ.ኤ.አ. በ1968 ጋሬት ሃርዲን የተባሉ አሜሪካዊ ሳይንቲስት በጋራ የተያዘ ሀብት፣ እያንዳንዱ ተጠቃሚ የራሱን ጥቅም ስለሚያስቀድም፣ መጥፋቱ አይቀሬ ነው የሚል ክርክር አቀረቡ። ከዚህ በመነሣት ብዙ መንግሥታት መፍትሔው ሁለት ብቻ እንደሆነ ቆጠሩ፤ ሀብቱን መንግሥት ይውረሰው ወይም ለግለሰቦች ይከፋፈል።

አሜሪካዊቷ የፖለቲካ ሳይንስ ምሁር ኤሊኖር ኦስትሮም ግን ሰዎች በእርግጥ የሚያደርጉትን ለማየት በተለያዩ አገሮች የሚገኙ የመስኖ ማኅበራትን፣ የግጦሽ መሬቶችንና የዓሣ ማስገሪያዎችን አጠኑ። ያገኙትም ተጠቃሚዎች ራሳቸው ያወጧቸው ደንቦች ለመቶዎች ዓመታት ሳይፈርሱ የቆዩባቸው ቦታዎች መኖራቸውን ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የኖቤልን የኢኮኖሚክስ ሽልማት በማግኘት የመጀመሪያዋ ሴት የሆኑት በዚህ ሥራቸው ነው።

ከሚታወቁት ምሳሌዎች አንዱ የስፔኗ ቫሌንሲያ የውሃ ፍርድ ቤት ነው። ፍርድ ቤቱ ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ በካቴድራሉ የሐዋርያት በር ፊት ይሰየማል፤ ዳኞቹ የመስኖ ቦዮቹ ተጠቃሚ ገበሬዎች ከመካከላቸው የመረጧቸው ናቸው፤ ክርክሩ በቃል ይካሄዳል፣ ውሳኔውም እዚያው ይሰጣል። በኢንዶኔዥያዋ ባሊ ደሴት ሱባክ የሚባሉት የገበሬዎች ማኅበራት የአንድ ተዳፋት ሩዝ ማሳዎች መቼ ውሃ እንደሚያገኙና መቼ እንደሚያርፉ በጋራ ይወስናሉ። በደቡብ ኢትዮጵያ በቦረና ጥልቅ የቱላ ጉድጓዶች ደግሞ የየዕለቱን የማጠጣት ተራ የሚያስከብር አባ ሄሬጋ የሚባል ኃላፊ አለ።

በባህልና በመልክዓ ምድር የተራራቁት እነዚህ ሥርዓቶች የሚመሳሰሉባቸው ነገሮች አሉ። ማን ተጠቃሚ እንደሆነና የውሃው ክልል እስከየት እንደሚደርስ ግልጽ ነው። ደንቡን የሚያወጡት ደንቡ የሚነካቸው ሰዎች ናቸው። ተቆጣጣሪው ለተጠቃሚዎቹ ተጠያቂ ነው። ቅጣቱ ከቀላል ተግሣጽ ተነሥቶ ጥፋቱ ሲደጋገም እየከበደ ይሄዳል እንጂ ለመጀመሪያ ጥፋት ሰውን ከውሃ አያባርርም። ጠብ ሲነሣ ብዙ ወጪና ጊዜ ሳይፈጅ የሚታይበት ቦታ አለ።

እንዲህ ያለ ጠንካራ ደንብ ካለ የአየር ንብረት ለውጥ ለምን ያሰጋል?

ብዙ ደንቦች የሚናገሩት ስለ መደበኛ ዓመት ስለሆነ ነው። «እያንዳንዱ ቤተሰብ በቀን አራት ጀሪካን ይቅዳ» ወይም «እያንዳንዱ ማሳ በሳምንት ለስድስት ሰዓት ይጠጣ» የሚል ደንብ ምንጩ በለመደው መጠን እስከፈሰሰ ድረስ ፍትሐዊ ነው። ፍሰቱ በግማሽ ሲቀንስ ግን ቀድሞ የደረሰው አራቱን ጀሪካን ይሞላል፣ የመጨረሻው ተረኛ ባዶውን ይመለሳል። ደንቡ ሳይጣስ ፍትሑ ፈረሰ ማለት ነው። በእኔ እምነት ብዙ የውሃ ኮሚቴዎች የሚወድቁት ሥነ ምግባር ስለጎደላቸው ሳይሆን እንዲህ ላለ ዓመት የተጻፈ ነገር ስለሌላቸው ነው።

አስቀድመው ይህን ያሰቡ ሥርዓቶች ድርሻን በቁርጥ መጠን ሳይሆን በክፍልፋይ ይደነግጋሉ። በቫሌንሲያ የአንድ ቦይ ድርሻ ከወንዙ ፍሰት የተወሰነ እጅ ነው፤ ወንዙ ሲያንስ የሁሉም ድርሻ አብሮ ያንሳል፣ ማንም ብቻውን ጉዳቱን አይሸከምም።

ለመጠጥ ውሃ ግን ክፍልፋይ ብቻ አይበቃም፤ ሰው ከተወሰነ መጠን በታች ሊኖር አይችልምና። በዓለም አቀፍ የሰብዓዊ እርዳታ መመዘኛ ለአደጋ ጊዜ ዝቅተኛው መጠን ለአንድ ሰው በቀን 15 ሊትር ነው። ስለዚህ የሚሻለው ደንብ በደረጃ የተከፈለ ደንብ ነው። ለምሳሌ በጉድጓዱ ውስጥ ያለው ውሃ ከመጀመሪያው ምልክት በታች ሲወርድ የጓሮ አትክልት ማጠጣትና የግንባታ ሥራ ይቆማል፤ ከሁለተኛው ምልክት ሲወርድ የእያንዳንዱ ቤተሰብ ድርሻ በሰው ቁጥር ይሰላል፣ ከብቶችም ወደ ሌላ የተመደበ ውሃ ይሄዳሉ፤ ከሦስተኛው ሲወርድ ጉድጓዱ ለመጠጥና ለምግብ ማብሰያ ብቻ ይሆናል፣ ኮሚቴውም ለሚመለከተው መንግሥታዊ አካል የእርዳታ ጥያቄ ያቀርባል። ምልክቶቹንና እርምጃዎቹን ሰዎች መስማማት ያለባቸው ውሃ በሞላበት ጊዜ ነው። ማን በችግር ቀን የት ላይ እንደሚገኝ ገና ሳይታወቅ የሚደረስ ስምምነት ለሁሉም የሚያደላ ይሆናል፤ ጉድጓዱ ሊደርቅ ሲል የሚደረግ ስብሰባ ግን በቀላሉ ጠብ ይሆናል።

ውሃው እየቀነሰ መሆኑ በምን ይታወቃል?

በመለካት ነው፤ ለዚህም ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ለጉድጓድ ጫፉ ላይ ክብደት የታሰረበትና በየሜትሩ ምልክት የተደረገበት ገመድ ይበቃል። ለምንጭ ደግሞ ባለ 20 ሊትር ጀሪካንና ሰዓት ያለው ስልክ በቂ ነው።

ጀሪካኑ በ40 ሴኮንድ ከሞላ ምንጩ በሴኮንድ ግማሽ ሊትር፣ በ24 ሰዓት ደግሞ 43,200 ሊትር ይሰጣል። ለአንድ ሰው በቀን 20 ሊትር ቢታሰብ ይህ ከ2,000 ለሚበልጥ ሰው ይበቃል። በደረቁ ወቅት ጀሪካኑ የሚሞላው በ100 ሴኮንድ ከሆነ የቀኑ መጠን ወደ 17,280 ሊትር ይወርዳል፣ የሚበቃውም ለ864 ሰው ነው። ሰዎች የሚቀዱት በቀን ብርሃን ባሉት 12 ሰዓታት ብቻ ከሆነና የሌሊቱ ፍሰት ሳይጠራቀም የሚያልፍ ከሆነ ደግሞ ቁጥሩ ወደ 432 ያሽቆለቁላል። ይህ ቀላል ስሌት አንድ ትልቅ ነገር ያሳያል፤ ምንጩ አንድ ጠብታ ሳይጨምር፣ የሌሊቱን ውሃ የሚይዝ ማጠራቀሚያ በመሥራት ብቻ ለሕዝቡ የሚደርሰው ውሃ በእጥፍ ሊያድግ ይችላል። (እርግጥ ነው፣ ሌሊት የሚያልፈው ውሃ ከታች ላለ ሌላ ተጠቃሚ የሚደርስ ከሆነ ማጠራቀሚያው ከመሠራቱ በፊት እርሱም መጠየቅ አለበት።)

ልኬቱ በየሳምንቱ በአንድ ደብተር ላይ ከዝናቡ መጠን ጋር ቢመዘገብ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ማኅበረሰቡ ከየትኛውም የሩቅ ትንበያ ይልቅ ስለ ራሱ ምንጭ የሚናገር መረጃ ይኖረዋል። ዝናቡ ካበቃ በኋላ በተለመደው ሳምንት የጉድጓዱ ውሃ ከአምናው ሁለት ሜትር ዝቅ ብሎ ከተገኘ፣ የሚመጡት ወራት አስቸጋሪ እንደሚሆኑ ገና ከመነሻው ይታወቃል።

መዋጮው ለምን ብዙ ጊዜ አይበቃም?

የእጅ ፓምፕ የሚቆመው ብዙውን ጊዜ በትንሽ ነገር ነው፤ የምታልቅ የማሸጊያ ጎማ ወይም የምትበላ ማያያዣ ትበቃዋለች። አፍሪዴቭን የመሰሉ ፓምፖች የተነደፉት የሠለጠነ የመንደር ሰው እንዲጠግናቸው ታስቦ ነው። ነገር ግን መለዋወጫ ገንዘብ ይጠይቃል፣ ገንዘቡ ደግሞ በሚፈለግበት ጊዜ አይገኝም።

ምክንያቱ በከፊል ራሱ ዝናቡ ነው። ክፍያው በተቀዳው ጀሪካን ልክ ከሆነ፣ በዝናብ ወቅት ሰዎች ከጣሪያቸውና ከአቅራቢያ ኩሬ በነጻ ስለሚቀዱ የኮሚቴው ገቢ ይቀንሳል። ዝናቡ ሲቆም ሁሉም ወደ ፓምፑ ይመለሳል፣ ፓምፑም ከንጋት እስከ ምሽት ያለ ዕረፍት ስለሚሠራ የሚበላሸው በዚያ ጊዜ ነው። ከባዱ ወጪ የሚመጣው ካዝናው በሳሳበት ወቅት ነው ማለት ነው። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ የሚከፈል አነስተኛ ቋሚ መዋጮ፣ ወይም እህል በሚሰበሰብበትና ሰው ገንዘብ በሚይዝበት ወቅት የሚከፈል የዓመት መዋጮ ተመራጭ ይሆናል። ክፍያውን መሸከም የማይችሉ ቤተሰቦች በስም ተለይተው ነጻ የሚሆኑበትን መንገድ ደንቡ ራሱ ማስቀመጥ አለበት፤ አለዚያ ወደ ንጹሕ ያልሆነ ውሃ ይመለሳሉ። ሒሳቡ በየጊዜው በሁሉም ፊት መነበብ አለበት፤ መዋጮ እንዲቋረጥ ከሚያደርጉ ነገሮች ሁሉ እንደ ጥርጣሬ የሚከፋ የለም።

ውሃውን መጨመርስ ይቻላል?

ዝናብን መጨመር አይቻልም፤ የወረደውን ማቆየት ግን ይቻላል። በተዳፋት ላይ የሚሠሩ እርከኖችና የማስረጊያ ቦዮች፣ ከግጦሽ የተጠበቀ ኮረብታ፣ በቦረቦር ላይ የሚደረደር የድንጋይ ክትር ሁሉ የጎርፉን ሩጫ ገትተው አፈሩ እንዲጠጣ ጊዜ ይሰጡታል። ተፋሰስ የሚባለው ዝናቡ ወደ አንድ ምንጭ ወይም ወንዝ የሚሰበሰብበት መሬት ሁሉ ነው፤ ምንጩን አጥሮ ተፋሰሱን የተወ ኮሚቴ የሥራውን ግማሽ ብቻ ሠርቷል።

በኬንያ ማቻኮስ፣ ማኩዌኒና ኪቱይ በተባሉ ደረቅ አካባቢዎች በወቅታዊ ወንዞች ላይ የአሸዋ ግድቦች ይሠራሉ። ዝቅተኛው የኮንክሪት ግድብ ጎርፉ የሚያመጣውን አሸዋ ያጠምዳል፣ ውሃውም በአሸዋው ቅንጣቶች መካከል ይቀመጣል። በአሸዋ ውስጥ ያለ ውሃ ከፀሐይ ስለሚጋረድ ትነቱ አነስተኛ ነው። ገላጣ ኩሬ ግን በሞቃት ወቅት በቀን 5 ሚሊ ሜትር ቢተን፣ ስፋቱ 1,000 ካሬ ሜትር ከሆነ በየቀኑ 5,000 ሊትር ያጣል። የጣሪያ ውሃም የሚናቅ አይደለም፤ በ1 ካሬ ሜትር ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ነው፣ ስለዚህ 50 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣሪያ ከአንድ የ20 ሚሊ ሜትር ዝናብ፣ የሚባክነው ተቀንሶ እንኳ፣ 800 ሊትር ያህል ይሰጣል።

በዚህ መካከል የፀሐይ ኃይል ፓምፕ በጥንቃቄ ሊታይ ይገባዋል። ነዳጅ ስለማያስፈልገው ለብዙ አካባቢዎች ትልቅ እፎይታ ነው። ይሁን እንጂ የነዳጅ ዋጋ ሰዎች ከሚፈልጉት በላይ እንዳይስቡ ሳይታሰብ ይገታቸው ነበር፤ ያ ገደብ ሲነሣ ፓምፑ ፀሐይ እስካለች ድረስ ይስባል፣ ጉድጓዱም ሊሞላ ከሚችለው በላይ ሊወጣበት ይችላል። በቀን ስንት ሰዓት እንደሚሠራ የሚወስን ደንብ ሳይኖር የሚተከል የፀሐይ ፓምፕ ችግሩን ሊያባብሰው ይችላል።

የሚወስነው ማን ነው?

በዓለም ላይ ውሃ በግቢያቸው ከሌላቸው 10 ቤተሰቦች በ7ቱ ውሃ የመቅዳቱ ኃላፊነት የሴቶችና የልጃገረዶች ነው። ምንጩ መቀነስ መጀመሩን፣ የቧንቧው ውሃ ጣዕም መለወጡን፣ ወረፋው የት ላይ እንደሚጠብ ቀድመው የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። ሴቶችን ለስም ያህል ብቻ በአባልነት የመዘገበ ኮሚቴ የሚያጣው ይህንን እውቀት ነው። የገንዘብ ያዥነት፣ የልኬት መዝጋቢነትና የሊቀመንበርነት ቦታ ሲሰጣቸው ግን እውቀቱ ውሳኔ ይሆናል። ከቦዩ መጨረሻ ያሉ ገበሬዎች፣ በወቅት የሚመጡ ከብት አርቢዎችና መሬት የሌላቸው ቤተሰቦችም ድርሻቸው ሲቀነስ ቀድመው የሚጎዱ ስለሆኑ ደንቡ ሲወጣ በቦታው መገኘት አለባቸው። አቅም ያለው ሰው የራሱን ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሮ የጎረቤቱን ማድረቅ ከቻለ ደግሞ የቀሩት ሰዎች ደንብ ምንም ያህል ቢጠነክር ውሃውን አያድነውም።

የማኅበረሰቡ አቅም የሚያበቃው የት ላይ ነው?

ከ1980ዎቹ ጀምሮ (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) በብዙ አገሮች የተሠራ የውሃ ተቋም ለኮሚቴ ተላልፎ፣ የሠራው አካል ከዚያ በኋላ ዞር ብሎ ሳያይ ቀርቷል። ይህ የማኅበረሰብ አስተዳደርን ከመተው ጋር ያምታታ አሠራር ነው። ኮሚቴ የማሸጊያ ጎማ ሊቀይር ይችላል፤ የተደረመሰ ጥልቅ ጉድጓድ ግን በመዋጮ አይቆፈርም። የውሃው ቀለም መለወጡን ሊያይ ይችላል፤ ፍሎራይድና አርሴኒክ ግን በዓይንም በጣዕምም ስለማይታወቁ ላቦራቶሪ ያስፈልጋል፣ ይህም ውሃ ሲርቅ ጉድጓድን ይበልጥ ማጥለቅ በሚታሰብባቸው ቦታዎች አንገብጋቢ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 28 ቀን 2010 ንጹሕ የመጠጥ ውሃን እንደ ሰብዓዊ መብት እውቅና ሰጥቷል፤ መብቱን የማስከበር ግዴታ በመጀመሪያ የመንግሥት እንጂ በበጎ ፈቃድ የሚያገለግሉ የኮሚቴ አባላት አይደለም። ስለዚህ የሚጠራ ቴክኒሻን፣ መለዋወጫ የሚገኝበት መደብር፣ የውሃ ጥራት ምርመራና ለከባድ ጥገና የሚሆን በጀት ከውጭ መምጣት አለባቸው።

ሌላው ገደብ ወሰን ነው። ውሃ የመንደር ድንበር አያውቅም፤ ከላይ ያለው መንደር ብዙ ከጠለፈ ከታች ያለው ኮሚቴ ምንም ቢያደራጅ አይጠቅመውም። በሕንድ ራጃስታን ግዛት አልዋር አውራጃ ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ጆሃድ የሚባሉ የአፈር ክትሮችን በመጠገንና አዳዲስ በመሥራት የከርሰ ምድር ውሃው እንዲመለስና ደርቆ የነበረው የአርቫሪ ወንዝ እንደገና እንዲፈስ አድርገዋል። ወንዙ ሲመለስ የሚሻማውም አብሮ መጣ፤ በዳርቻው ያሉ 70 የሚሆኑ መንደሮች በ1990ዎቹ መጨረሻ የወንዝ ሸንጎ አቋቁመው በጥልቅ ጉድጓዶችና እንደ ሸንኮራ አገዳ ባሉ ብዙ ውሃ በሚጠጡ ሰብሎች ላይ ገደብ ጣሉ። ሸንጎው የሚሠራው በአባላቱ ስምምነት እንጂ በሕግ በተሰጠው ሥልጣን አልነበረም። እንዲህ ያለ ስምምነት የአባላቱን እጅ ይይዛል፤ ከአካባቢው ውጭ መጥቶ ጥልቅ ጉድጓድ የሚቆፍርን ባለ ገንዘብ ግን ሊያስቆም የሚችለው መንግሥት የሸንጎውን ደንብ በሕግ ሲያውቀውና የመቆፈር ፈቃድ ከመስጠቱ በፊት የነባሮቹን ተጠቃሚዎች ቃል የመጠየቅ ግዴታ ሲኖርበት ነው።